«መጀመሪያ እሱ ይደላደል» የሚለውን ምክር አትቀበዪ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባለቤትሽ በኢንጂነርነት ጀርመን ውስጥ የሦስት ዓመት ሥራ አግኝቷል፤ ለመሄድ አራት ወር ቀርቷችኋል። አንቺ ስድስት ዓመት ሆስፒታል የሠራሽ ፋርማሲስት ነሽ። የሁለታችሁም ቤተሰቦች «መጀመሪያ እሱ ይደላደል፤ አንቺ እስከዚያው ዕረፊ፣ ልጅም ውለጂ፣ ሥራ የትም አይሄድም» ይሉሻል። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ብቸኝነት፣ ሥራ ስለመልቀቅም ጠይቀሽኛል። እነሱን በአጭሩ እመልሳለሁ፤ የቤተሰቦችሽን ምክር ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ባለቤትሽ ውሉንና ቪዛውን ይዞ በሄደ ሳምንት ሥራ ይጀምራል። አንቺ ግን ጀርመን ፋርማሲ ውስጥ ቆመሽ ለታካሚ መድኃኒት ለመስጠት «አፕሮባትሲዮን» የሚባለው ሙሉ የሙያ ፈቃድ፣ ወይም ቢበዛ ለሁለት ዓመት የሚሰጠው ጊዜያዊ ፈቃድ ያስፈልግሻል። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው። የቋንቋ ደረጃው ከጀማሪው ኤ1 ተነስቶ በኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2 እና ሲ1 አድርጎ እስከ ሲ2 ይወጣል። ከዜሮ ተነስቶ ቢ1 ለመድረስ መንግሥት ለአዲስ መጤዎች ያዘጋጀው የውህደት ኮርስ 600 ክፍለ ጊዜ ቋንቋ ያስተምራል፤ ከቢ1 ወደ ቢ2 ለመሻገር ደግሞ ከ400 እስከ 500 ይጨመራል። በሳምንት 20 ክፍለ ጊዜ ብትማሪ አንድ ዓመት ያህል ሄደ ማለት ነው። ለፈቃዱ የሚጠየቁት የሙያ ቋንቋ ፈተናና የዕውቀት ፈተና ከዚያ በኋላ ናቸው። እንግዲህ «እስኪደላደል» ብለሽ አንድ ዓመት ከቤት ብትቀመጪ፣ ፈቃዱ እጅሽ የሚገባው የእሱ ውል ሊያልቅ ሲል ነው። ስለዚህ ሁለታችሁም በአንድ ቀን ጀምሩ።

የመጀመሪያው ጥያቄ የእሱ ቪዛ ምን ዓይነት ነው የሚለው ነው። ብሉ ካርድ የሚባለውን፣ ለተማሩ የውጭ ባለሙያዎች የሚሰጠውን የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ ካገኘ፣ አንቺ ለቪዛሽ የጀርመንኛ ማስረጃ አትጠየቂም፤ እዚያ ስትደርሺም ያለ ገደብ የመሥራት መብት አለሽ። ይህንን ከመፈረሙ በፊት ከቀጣሪው በጽሑፍ ይጠይቅ። በዚያው ደብዳቤ ላይ ለትዳር ጓደኛ የቋንቋ ኮርስና ለሰነድ ትርጉም ወጪ ይሸፍኑ እንደሆነም ያንሳ። ከመፈረሙ በፊት የሚጠየቅ ነገር ከደመወዝ ድርድሩ ጋር አብሮ ይታያል፤ ከፈረመ በኋላ ግን ልመና ይሆናል።

ሰነዶችሽን ከዛሬ ጀምረሽ ሰብስቢ። ትራንስክሪፕት ብቻ አይበቃም። «ፋርማኮሎጂ፣ 4 ክሬዲት» የሚል መስመር ትምህርትሽን ከጀርመኑ ጋር ለሚያነጻጽረው ገምጋሚ ምንም አይነግረውም፤ እሱ የሚፈልገው በእያንዳንዱ ትምህርት ስንት ሰዓት ንድፈ ሐሳብ፣ ስንት ሰዓት ላቦራቶሪ እንደተማርሽና በልምምድ ወቅት ስንት ወር በየትኛው ክፍል እንደሠራሽ ነው። ስለዚህ ከዩኒቨርሲቲሽ ማኅተም ያረፈበት የኮርስ ዝርዝር አውጪ። የሥራ ልምድ ደብዳቤሽም «በትጋት አገልግላለች» ብሎ የሚያበቃ እንዳይሆን፤ ከመቼ እስከ መቼ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ ምን ስትሠሪ እንደነበር ይዘርዝር። በትምህርትሽና በጀርመኑ መካከል የሚገኘውን ክፍተት የሥራ ልምድ ሊሞላልሽ ይችላል። የሙያ ፈቃድሽ ንጹሕ ስለመሆኑ የሚመሰክረውን ደብዳቤ ግን አሁን አታውጪ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ወር በላይ የቆየ አይቀበሉም። ለዚህ ስትይ ለምታምኚው ሰው ውክልና ትተሽ ሂጂ፤ ይህን የረሱ ሰዎች ለአንድ ወረቀት ሲሉ ወራት ሲባክንባቸው አያለሁ።

ብዙዎች የሚሳሳቱበት ሌላም ቦታ አለ። በበርሊን ወይም በሌላ ከተማ ያለ ዘመድ «ዲግሪሽን በማዕከላዊው የውጭ ትምህርት መሥሪያ ቤት አስገምግሚ» ይልሻል። ያ ግምገማ የተዘጋጀው ፈቃድ ለማይጠይቁ ሙያዎች ነው፤ ብትከፍይበትም አፕሮባትሲዮን አያስገኝልሽም። ማመልከቻሽ የሚገባው ባለቤትሽ በሚሠራበት ክፍለ ግዛት ላለው ፈቃድ ሰጪ አካል ነው፤ በአንድ ጊዜ በሁለት ክፍለ ግዛት ማመልከት አይቻልም። ማስተርጎም ያለብሽም የእነሱን የሰነድ ዝርዝር ካየሽ በኋላ ነው።

የሙያ ቋንቋ ፈተናው በሲ1 ደረጃ ሲሆን ሦስት ባለ 20 ደቂቃ ክፍሎች አሉት። ሲሰጥ ይህን ይመስላል፦ ታካሚ ሆኖ የሚተውን ሰው የደም ማቅጠኛ እንደሚወስድ በወሬ መካከል ጣል አድርጎ፣ ለጉልበቱ ኢቡፕሮፌን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ይጠይቅሻል። አደጋው የመድማት መሆኑን አንቺ በእንቅልፍሽም ታውቂዋለሽ። ፈተናው ግን ያንን ሰውዬው በሚገባው ጀርመንኛ ሳታስፈራሪው መንገር፣ ቀጥሎ በጽሑፍ ማስፈር፣ በመጨረሻም ለባልደረባ ማስረዳት ነው። ቋንቋውን የሚያስተካክለው ጊዜ ብቻ ነው፤ ስለዚህ በእነዚህ አራት ወራት ኤ2ን ጨርሰሽ ሂጂ። የዕውቀት ፈተናው በቃል ነው፤ ብትወድቂ ሁለት ጊዜ መድገም ይፈቀዳል።

ሌላ በር የለም ማለቴ አይደለም። የመድኃኒት ኩባንያዎች የምዝገባና የመድኃኒት ደኅንነት ክፍሎች ያለ አፕሮባትሲዮን ይቀጥራሉ፤ አንዳንዶቹም በእንግሊዝኛ ይሠራሉ። እኔ የውጭ ባለሙያዎች የሙያ ዕውቅና ፋይል ላይ የምሠራ በመሆኔ ለፈቃዱ ማዘንበሌ አይቀርም፤ ይህን እያወቅሽ መዝኚው። የማልመክርሽ ግን ፋርማሲ ውስጥ ሣጥን ደርዳሪና ትዕዛዝ መዝጋቢ ሆነሽ «ለጊዜው» መቀመጥን ነው። ለሦስት ወር ጆሮሽን ያሠለጥንልሻል፤ ከዚያ ካለፈ የምሽት ትምህርትሽን ይበላል።

ስለ ገንዘቡም በግልጽ ልናገር። በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ደመወዝ የሚተርፈው ለቋንቋ፣ ለትርጉምና ለፈተና ይዋል። በየወሩ ለዘመድ ለመላክ ቃል ከገባችሁ፣ የምትልኩት ያንቺን ሙያ ሸጣችሁ ነው። ቤተሰቦቻችሁ ይህን ከመሄዳችሁ በፊት ይስሙ፤ ሲነገራቸው ደግሞ ባለቤትሽ ይናገር።

የቀሩትን በአጭሩ። ቪዛሽ ሳይወጣ ሥራ አትልቀቂ። የቤት ኪራይ ማስያዣ ከሦስት ወር የተጣራ ኪራይ (እንደ ማሞቂያና ውኃ ያሉ ወጪዎች ሳይጨመሩ) መብለጥ የለበትም፤ በሦስት ክፍያ መክፈልም መብታችሁ ነው። ከገባችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ አድራሻችሁን አስመዝግቡ፤ የአከራዩን ማረጋገጫ ወረቀት አትርሱ። ባለቤትሽ የግል የጤና መድን እንዳይመርጥ፦ በሕግ በተቋቋመው መድን ገቢ የሌላት ሚስት በነፃ ትገባለች፤ በግሉ ለአንቺ ለብቻ ይከፈላል። ደመወዝ ስትጀምሪ ብዙ ግብር በሚቆረጥበት የግብር ምድብ አምስት እንዳትቀሪ፤ ሁለታችሁም ወደ አራት ተዛወሩ፣ አለዚያ በእጅሽ የሚገባው በጣም ያንሳል። ልጅን በተመለከተ ውሳኔው የሁለታችሁ ብቻ ነው፤ ከአንድ ዓመት ጀምሮ ልጅ የመዋያ ቦታ የማግኘት ሕጋዊ መብት አለው፣ ቦታው ግን እጥረት ስላለበት ገና በእርግዝና ተመዝገቢ። ለብቸኝነቱ ጠዋት ጠዋት የምትሄጂበት ክፍል ይኑርሽ፤ የኢንተርኔት ኮርስ ለዚህ አይሆንም።

የክፍለ ግዛቱን ስምና የኮርስ ዝርዝርሽን ላኪልኝ። ለተርጓሚ ከመክፈልሽ በፊት የትኛው ገጽ መተርጎም እንዳለበት አብረን እናያለን።