«በጎ ማሰብ ከሕመም ያድናል ወይ?» ላልኸው

ወንድሜ፣ ፈተና በቀረበ ቁጥር ጨጓራህ እንደሚነሣብህና ጓደኞችህ «በጎ በጎውን አስብ» እንደሚሉህ ገልጸህ፣ አስተሳሰብ በእርግጥ ለሰውነት ጤና ይጠቅም እንደሆነ ጠይቀሃል። እኔም ያለፍሁበት ስለሆነ ያየሁትን ልጻፍልህ።

ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ «መባረሬ አይቀርም» ብዬ አስቀድሜ ስለደመደምሁ፣ ቁርስ ለመብላት መሰለፍ እንኳ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር፤ በባዶ ሆዴ ቡና እየጠጣሁ፣ ላይብረሪ እስኪዘጋ ተቀምጬ አንዱን ገጽ አራት ጊዜ አነባለሁ፤ ሌሊት ደግሞ ደረቴ ሥር እያቃጠለኝ እነቃለሁ። የዶርም ጓደኛዬ ውጤቱ ከእኔ የባሰ ሆኖ ሳለ «በሚድ የተበላሸውን በፋይናል እናካክሰዋለን» እያለ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ይተኛል፣ ጠዋት ፍርፍሩን በልቶ ይወጣል። ያን ጊዜ ግድ የለሽ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ግን ተስፋው የጠቀመው በሐሳብ ብቻ ስላልቀረ፣ እንቅልፉንና ምግቡን ስለጠበቀለት ነው እላለሁ።

ሻየርና ካርቨር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ ሴሚስተሩ ሊያልቅ 4 ሳምንት ሲቀረው ተስፈኛ የነበሩ ተማሪዎች በመጨረሻው ላይ የሕመም ስሜት ያነሰባቸው ሆነው ተገኝተዋል፤ እርግጥ ሕመሙን የተናገሩት ተማሪዎቹ ራሳቸው እንጂ ሐኪም የመረመራቸው አይደሉም። ጭንቀት ሥጋን እንደሚነካ ይበልጥ ያሳመነኝ እ.ኤ.አ. በ1998 ከአሜሪካዋ ኦሃዮ የወጣው ጥናት ነው፦ በ11 የጥርስ ሕክምና ተማሪዎች ላንቃ ላይ ሆን ተብሎ የተደረገ ትንሽ ቁስል፣ በፈተና ሰሞን ለመዳን በዕረፍት ጊዜ ከወሰደው በአማካይ 3 ቀን ያህል ዘግይቷል። ተማሪዎቹ ጥቂት ቢሆኑም፣ የእያንዳንዱ ተማሪ የፈተና ጊዜ ቁስል የተነጻጸረው ከዚያው ተማሪ የዕረፍት ጊዜ ቁስል ጋር ነው።

የእኔ ጨጓራ ግን በተስፋ አልዳነም። ጓደኛዬ እየጎተተ ክሊኒክ ወሰደኝና ሰገራዬ ሲመረመር ኤች ፓይሎሪ የተባለ የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘ፤ ባክቴሪያውን የገደለው የ2 ሳምንት መድኃኒት ነው። በአምስተኛው ቀን አፌን ሲመርረኝ ላቋርጠው ነበር፤ «ይሻልሃል፣ ጨርሰው» እያለ ከውኃው ጋር የሚያቀርብልኝ እሱ ነበር። የበጎ ሐሳብ ድርሻ እኔ ዘንድ ይኸው ነው።

ስለዚህ ጓደኞችህን ስማቸው፣ ነገር ግን ቁርስህን ሳትበላ አትውጣ፣ ተመርመርም። ሰገራህ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ደም ካስታወከህ ግን ፈተናውም ቢሆን ይቅር፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂድ።