ማስተርስ ልማር ወይ ላልሽው እህቴ፦ መጀመሪያ መንጃ ፈቃድሽን እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ታሪክ ያነበብኩ መሰለኝ። ሀገር ቤት መንግሥት መሥሪያ ቤት ሠርተሻል። በዲቪ መጥተሽ ሜሪላንድ አረፍሽ፣ አሁን ቨርጂኒያ ገብተሻል። «ፐብሊክ አድሚኒስትሬሽን ማስተርስ ብማር ያዋጣኛል?» ነው ያልሽው። እኔም በዚሁ መንገድ ነው የመጣሁት። ጨርሼ አሁን አንድ ካውንቲ (ከስቴቱ በታች ያለ የአካባቢ አስተዳደር) በጀት ክፍል እሠራለሁ። ያዋጣል። ግን እኔ የከፈልኩትን አትክፈዪ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው።)

1. ነዋሪነት። ስለ ማመልከቻና ስለ ትራንስክሪፕት ሌላ ሰው ይነግርሻል። እኔን ያቃጠለኝ ይሄ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለስቴቱ ነዋሪ አንድ ዋጋ፣ ከሌላ ስቴት ለመጣ ሌላ ዋጋ አለው። ቨርጂኒያ ውስጥ የነዋሪውን ዋጋ ለማግኘት ክላስ ከሚጀመርበት ቀን በፊት ቢያንስ አንድ ዓመት ኑሮሽን እዚሁ እንዳደረግሽ ማሳየት አለብሽ። መኖርሽ ብቻውን አይበቃም። መንጃ ፈቃድ፣ የስቴት ግብር፣ የመኪና ታርጋ፣ የቤት ኪራይ ውል ይታያል።

እኔ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከአጎቴ ልጅ ጋር ነበርኩ። ጁላይ 2021 ወደ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ተሻገርኩ። ክላስ የጀመርኩት ኦገስት 2022 መጨረሻ ላይ ስለሆነ ዓመቱ ሞልቶልኛል ብዬ ተረጋግቼ ነበር። መንጃ ፈቃዴን ግን የቀየርኩት ጃንዋሪ ላይ ነው። ሕጉ በ60 ቀን ቀይር ይላል። ሺፍት እየተደራረበብኝ ዛሬ ነገ ስል ስድስት ወር አለፈ። የ2021ን ግብርም ሙሉውን ለሜሪላንድ አስገባሁ። ታክስ የሠራልኝ ሰው አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

የትምህርት ክፍያው ቢል ሲመጣ ከነዋሪው ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኖ መጣ። ውሌን፣ የመብራት ቢሌን፣ የደመወዝ ወረቀቴን በፌስታል ይዤ ወደ ዩኒቨርሲቲው ቢሮ ሄድኩ። ሴትዮዋ የመጀመሪያውን ገጽ እንኳ አልገለጠችም። «መንጃ ፈቃዱ የጃንዋሪ ነው» ብላ ፌስታሉን በመስኮቱ ሥር ገፋችልኝ። ይግባኝ አለ ወይ አልኳት። «ዌብሳይቱ ላይ አለ።» ቀና ብላ አላየችኝም። ፈልጌ ሳገኘው የይግባኙ ቀን ካለፈ ሦስት ቀን ሆኖታል። ሀገር ቤት «ነገ ተመለስ» ብዬ የሸኘኋቸው ባለጉዳዮች ያን ቀን ፊቴ ላይ ድቅን አሉብኝ። ልዩነቱን የከፈልኩት የእቁብ ዕጣዬን አስቀድመው እንዲሰጡኝ አባላቱን ለምኜ ነው። ለእናቴ የምልከውም አራት ወር ተቋረጠ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

2. ትምህርቱ። ሀገር ቤት የተማርነውን ዓይነት አስተዳደር ብቻ እንዳይመስልሽ። እኔን የለወጠኝ ፖሊሲ እንዴት እንደሚወጣ የተማርንበት ኮርስ ነው። ኮንግረስ ሕግ ሲያወጣ ሥራው ገና ግማሽ ነው። ዝርዝሩን የሚያወጣው መሥሪያ ቤቱ ነው። በ1946 የወጣው የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት ሕግ ደግሞ ረቂቁን ፌዴራል ሬጅስተር ላይ አውጥተህ የሕዝብ አስተያየት ተቀበል ይለዋል። የእኛ ነጋሪት ጋዜጣ የጸደቀውን ነው የሚያወጣው፤ ይሄኛው ረቂቁንም ያወጣል። አስተያየት ለመስጠት ዜጋ መሆን አያስፈልግም።

መምህራችን አንድ ረቂቅ መርጣችሁ አስተያየት ላኩ አለን። ሴፕቴምበር 2023 ነው። የፌዴራሉ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የኦቨርታይምን ደንብ ሊቀይር ረቂቅ አውጥቷል። የኦቨርታይሙ ሕግ የ1938 ነው፣ ኦቨርታይም የሚያስከፍለውን የደመወዝ ጣሪያ ግን መሥሪያ ቤቱ ነው የሚወስነው። ያኔ ጣሪያው በዓመት 35,568 ዶላር ነበር። ከዚያ በላይ ደመወዝ ያለው «ማናጀር» ኦቨርታይም ላይከፈለው ይችላል። እኔ ደግሞ ሆቴል ውስጥ ረዳት ማናጀር ነበርኩ። 38 ሺህ እያገኘሁ በሳምንት 55 ሰዓት እሠራለሁ፣ አንሶላ ሳይቀር አጥፋለሁ። ይህንኑ በአንድ ገጽ ጻፍኩና ላክሁ። ከ33 ሺህ በላይ አስተያየት ገባ። ኤፕሪል 2024 የጸደቀው ደንብ ጣሪያውን በሁለት ደረጃ 58,656 ሊያደርስ ወሰነ። መግቢያውን አንድ ሌሊት ሙሉ አነበብኩት። ስሜ የለም፣ ግን እንደ እኔ ዓይነት ሰዎች ያነሱት ነገር ተነስቶ መልስ ተሰጥቶበታል። ኖቬምበር ላይ ቴክሳስ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት ደንቡን ሻረው፣ ጣሪያውም ወደ 35,568 ተመለሰ። በጣም አዝኛለሁ። ነገር ግን ኮንግረስ፣ መሥሪያ ቤትና ፍርድ ቤት እንዴት እንደሚጓተቱ ከዚህ በላይ የሚያስተምር የለም። በነገራችን ላይ እኛም ሀገር በ2012 ዓ.ም. (ይሄ በእኛ አቆጣጠር ነው) የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ወጥቷል፣ ቁጥር 1183። ኮርሱን ስትወስጂ አንብቢው፣ ለማነጻጸር ይጠቅምሻል።

3. ሥራ። ፌዴራል ላይ ብቻ ዓይንሽን አትጣይ። አብዛኛው የፌዴራል ሥራ ዜግነት ይፈልጋል። የክፍል ጓደኞቼ ተስፋ ያደረጉበት ማስተርስ ለጨረሱ የነበረው የፌዴራል ፌሎሺፕም ከ1977 ጀምሮ ቆይቶ ፌብሩዋሪ 2025 ተዘግቷል። ካውንቲና ከተማ ግን ግሪን ካርድ ይዘሽ ብዙ ሥራ ታገኛለሽ። እኔን ያስቀጠረኝ ሀገር ቤት በጀት መዝጋቴ ነው። ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ሰኔ 30 ጭንቀት ነገርኳቸው። የእነሱም በጀት ጁን 30 ነው የሚዘጋው፤ ሦስቱም ሳቁ።

ቨርጂኒያ የገባሽበትን ወር አልጻፍሽም። መንጃ ፈቃድሽ አሁንም የሜሪላንድ ከሆነ ነገ ከሥራ ፈቃድ ጠይቀሽ ዲኤምቪ (መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው የስቴቱ ቢሮ) ሂጂ። የነዋሪነት ፎርሙን ከማስገባትሽ በፊት በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።