ቀለሙን ከየት እንግዛ ለምትሉኝ ወጣት የሥዕል መምህራን

ሰሞኑን አንዲት ወጣት የሥዕል መምህርት ጻፈችልኝ። ተማሪዎቿን የጥንት ሰዎች በዋሻ ግድግዳ ላይ እንደሣሉት ዓይነት ሥዕል ልታሠራቸው አስባለች። ቡናማ ወረቀት ጨማድዳ፣ ሻይ ውስጥ ነክራ አድርቃለች። የቀረው ቀለሙ ነውና «ከየት ልግዛ?» ትላለች። ለመልሱ አንድ መስመር ይበቃው ነበር። ነገር ግን ጥያቄው ድሬዳዋ ያስተማርኩበትን ዘመን ቀስቅሶብኝ እንቅልፍ ነሳኝ፤ ስለዚህ ለእሷ ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም እጽፋለሁ።

የተመደብኩበት ትምህርት ቤት የሥዕል ክፍለ ጊዜ ነበረው፤ የሥዕል ዕቃ ግን አልነበረውም። ፀሐይ ሳትበረታ በጠዋት ልጆቹን ይዤ ከከተማው በስተደቡብ፣ ከደቻቱ ሸለቆ በላይ ገደሉ ላይ ወዳለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻ እወጣ ነበር። ዋሻውን እ.ኤ.አ. በ1929 ፈረንሳዊው ቄስና ሳይንቲስት ቴያር ደ ሻርደን እና የአገሩ ልጅ ጸሐፊው አንሪ ደ ሞንፍሬድ ለጥናት አስተዋወቁት፤ በ1933 ደግሞ የዋሻ ሥዕል አጥኚው አንሪ ብረይ መጥቶ አይቶታል። ግድግዳው ላይ የደበዘዙ ምስሎች አሉ። ልጆቹ መጀመሪያ ምንም አይታያቸውም፤ ዓይናቸው ጥላውን ሲለምድ አንዱ ይጮኻል፣ ከዚያ ሁሉም ይጮኻሉ። ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት እንደነገረኝ፣ ከዚያው ዋሻ ቁፋሮ ከ4,200 በላይ ቀለም ያላቸው የአፈርና የድንጋይ ስብርባሪዎች ወጥተዋል፤ ክብደታቸው 40 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ዕድሜያቸውም ወደ 40,000 ዓመት ይጠጋል። የግድግዳው ምስሎች ዕድሜ ከዚያ በብዙ ያንሳል። ቀይ ድንጋይ ፈጭቶ ቀለም ማውጣት ግን እኛ በእግራችን በምንረግጠው ወለል ላይ ያን ያህል ዘመን የኖረ ሥራ ነበር።

እኛም ያንኑ አደረግን። ቀዩን አፈር ከወንዙ ዳር፣ ከሰሉን ከየቤቱ ምድጃ፣ ነጩን ከጠመኔ ፍርፋሪ አገኘን። አፈሩን በውኃ በጥብጣችሁ ጥቂት ስታቆዩት አሸዋው ይዘቅጣል፤ ቀለም ያለውን ውኃ በሌላ ዕቃ ገልብጣችሁ ስታደርቁት እንደ ዱቄት የላመ ቀለም ታገኛላችሁ። ማጣበቂያችን ሌሊቱን ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ያደረ የግራር ሙጫ ነበር። እንቁላልም ሞክረናል፤ በድሬዳዋ ሙቀት ግን ሽታው ክፍሉን አስለቀቀን። ብሩሻችን ጫፉ እስኪበተን የታኘከ መፋቂያ ነው። አንዳንዱ ልጅ የአባቱን መፋቂያ ሰርቆ ይመጣ ነበር።

ከተማሪዎቹ መሐል አንድ ከገጠር የመጣ ልጅ ነበር። አማርኛው ገና አልጠራም፤ አፉን ሲከፍት ስለሚሳቅበት ዝም ማለት ለምዷል። አንድ ቀን ከድሬዳዋ ትንሽ ራቅ ብሎ የሚገኘውን የለገ ኦዳን የዋሻ ሥዕል ፎቶግራፍ ለክፍሉ አሳየሁ። ረጃጅም ቀንድ ያላቸው ከብቶች ናቸው። ልጁ ተነስቶ መጣ፣ ፎቶግራፉን ከእጄ ተቀብሎ ቆየና «ቲቸር፣ ይቺ የእኛ ላም አይደለችም፤ ሻኛ የላትም» አለ። ማንም አልሳቀም። እውነቱን ነበር፤ የለገ ኦዳ ከብቶች ሻኛ የላቸውም። ሻኛ ያለው ዘር ወደዚህ አካባቢ የተስፋፋው በኋላ ነው። ተመራማሪዎችም የሥዕሎቹን ዘመን ሲገምቱ ከሚያዩዋቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ከብት ጠባቂው ልጅ ግን ያለ ማንም እርዳታ አየው።

ከዕቃ ቤቱ በስተጀርባ ያልተለሰነ የድንጋይ ግድግዳ ነበረን። ሌሎቹ ወዲያው መሣል ሲጀምሩ እሱ በመዳፉ ግድግዳውን እየዳሰሰ ሄደ። እኔም መጀመሪያ የሚጫወት መስሎኝ ነበር። ወደ ውጭ ካበጠ አንድ ድንጋይ ሲደርስ ቆመና በዙሪያው ላሚቱን ሣላት፤ እብጠቱን ሻኛዋ አደረገው። ረፋድ ላይ ፀሐይ ከጎን ስትመታው ሻኛው የራሱን ጥላ ይጥላል። ከዓመታት በኋላ ስፔን ስላለው የአልታሚራ ዋሻ ሳነብ፣ የዚያ ጣሪያ ሠዓሊዎች የዐለቱን እብጠቶች የጎሽ ገላ አድርገው እንደተጠቀሙባቸው ተረዳሁ። ያንን ጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1879 ቀና ብላ ያየችው ማሪያ የምትባል ትንሽ ልጅ ናት፤ አባቷ ወለሉን ሲቆፍር ነበር። ሊቃውንቱ አባቷን አጭበርባሪ አሉት፤ ዋነኛው ተቃዋሚ ስህተቱን በጽሑፍ ያመነው በ1902፣ ሰውየው ከሞተ በኋላ ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። አባቱ ፍየል ሊሸጥ «ከፊራ» ወደሚባለው የድሬዳዋ ገበያ በሚመጣበት ቀን፣ ላሚቱን እንዲያይ ይዞት እንደሚመጣ ልጁ ለሁላችንም ነግሮናል። ከዚያ በፊት ግን እንግዶች ይጎበኙናል ተባለ፤ ግቢው ይጽዳ ተባለ። ጠዋት ስንገባ ግድግዳው ከዳር እስከ ዳር ኖራ ተቀብቷል። አባትየው በቀጠሮው ቀን መጣ። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ነጩን ግድግዳ ሲያይ ልጁ እጁን ይዞ እብጠቱ ላይ አስቀመጠለትና በኦሮምኛ ያስረዳው ጀመር። ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ወደ ገበያው ተመለሰ። በቀጣዩ ዓመት ልጁ አልተመዘገበም። የሚቆጨኝ ኖራው አይደለም፤ ግድግዳ ይቀባል። የሚቆጨኝ ያ አባት ልጁ ምን እንደሚችል ሳያይ መሄዱ ነው።

የዛሬ ወጣቶች ከእኛ የተሻለ ነገር አላችሁ፤ የማታውቁትን ለመጠየቅ አታፍሩም። ግን ትቸኩላላችሁ። ስልካችሁ ላይ ያያችሁትን ያለቀ ሥራ ለልጆቹ ታሳዩና አንዱ ከሌላው የማይለይ ሠላሳ ጎሽ ትሰበስባላችሁ። ጎሹን አይተውት አያውቁም! የአካባቢያችሁ ልጅ የሚያውቀው በሬን፣ አህያን፣ ግመልን፣ ባጃጅን ነው። መጀመሪያ ምስል አታሳዩ፤ አፈሩንና ግድግዳውን ስጧቸው። እርግጥ ያን ፎቶግራፍ ባላሳይ ኖሮ የሻኛው ነገር አይነሳም ነበር፤ እሱንም አልክድም።

ሻይ የተነከረው ወረቀት ላይ አልስማማም። ወረቀቱ አርጅቶ እንዲታይ እንጂ ልጁ እንዲያስብ አያደርገውም። ግድግዳ ካልተፈቀደላችሁ ጠፍጣፋ ያልሆነ ድንጋይ እያንዳንዱ ልጅ ይዞ ይምጣ። መዳፍ ግድግዳው ላይ አሳርፈው በዙሪያው ቀለም በመርጨት የእጅ አሻራ ስታሠሩ ቀለሙን በአፋቸው እንዳይነፉ፤ የጥንቶቹ ነፍተውት ይሆናል፣ እናንተ ግን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አስረጩ። ኖራ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላልና ለልጅ አይሰጥም።

እውነተኛ ዋሻ ከወሰዳችኋቸው ደግሞ ጠመኔና እስክሪብቶ ከታች ይቅር። ምስሉ ይድመቅ ብሎ ውኃ የሚረጭ አስጎብኚ ካጋጠማችሁ አስቁሙት። የፈረንሳዩ ላስኮ እ.ኤ.አ. በ1940 ተገኝቶ በ1963 ለሕዝብ የተዘጋው በጎብኚዎች ትንፋሽና በመብራቱ ምክንያት ግድግዳው ስለተበላሸ ነው። የእኛዎቹ አብዛኞቹ በር እንኳ የላቸውም።

ለጠየቅሽኝ እህቴ፦ ቀለም አትግዢ። ከመጀመርሽ በፊት ግን የግድግዳውን ፈቃድ ከርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ተቀበይ፤ እስከ መቼ እንደማይነካ ቀኑ ይጻፍበት። ወላጆችንም ሥራው ባለቀ በማግስቱ ጥሪ፤ የገበያ ቀን ከሆነ ብዙዎቹ ይመጣሉ።