በ8 ጓድ ከተማ መያዝ፦ ለፋሲል ግቢው ጥያቄ መልስ

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ጥያቄህን በአጭሩ ላስቀምጠው። አድቫንስድ ስኳድ ሊደር በተባለው የሰሌዳ የጦርነት ጨዋታ ሕግ፣ ራሳችሁ በሣላችሁት የጎንደር ሰሌዳ ላይ የኅዳር 1934 ዓ.ም.ን ውጊያ ስትጫወቱ ጣልያንን ይዘሃል። 8 ጓድ (የጥቂት ወታደሮች ቡድን)፣ 2 መሪ፣ አንድ ከባድና አንድ ቀላል መትረየስ አለህ። አጥቂው በ18 ጓድ ከደቡብ ይገባል፤ በ7 ተራ ውስጥ የፋሲል ግቢንና ፒያሳ ላይ ያሉትን ሁለት የድንጋይ ሕንጻዎች መያዝ አለበት። ከሰሌዳው ጠርዝ እስከ ግቢው 15 ሄክስ (ባለ ስድስት ጎን የሰሌዳ ክፍል) ነው። «ግቢውን ዙሪያውን ይዤ እንኳ 5ኛው ተራ ላይ አልቃለሁ» ብለሃል። (ጣልያን መሆን ለጎንደር ልጅ እንደማይዋጥለት አውቃለሁ፤ ግን አንዱ መያዝ አለበት።)

ጥፋቱ ያለው «ዙሪያውን» ያልክበት ላይ ነው። የግቢው አጥር 900 ሜትር ነው። አንድ ሄክስ 40 ሜትር ስለሆነ 22 ሄክስ ይሆናል። 8 ጓድ ብታሰልፍበት ለሁለት ሄክስ እንኳ አንድ ጓድ አይደርስም። አጥቂው 6 ጓድ አንድ በር ላይ ሲያከማች የሚገጥመው አንድ ብቸኛ ጓድ ነው፤ በሌላው ጎን ያሉት አምስቱ ቁጭ ብለው ያያሉ። አጥር ስላለ ብቻ አጥር አይያዝም።

አሁን ሰዓቱን ቁጠር። ጓድ 4 የእንቅስቃሴ ነጥብ አለው፤ ቤት መግባት 2 ነጥብ ይበላል። ስለዚህ ከቤት ወደ ቤት ተጠልሎ የሚመጣ አጥቂ በአንድ ተራ ሁለት ሄክስ ይሄዳል፣ በመግፋት ምዕራፍ (ከተኩሱ በኋላ አንድ ሄክስ መግፋት በሚፈቀድበት) ደግሞ አንድ ይጨምራል፤ በድምሩ ሦስት። 15 ሄክስ ለመጨረስ 5 ተራ ይፈጅበታል ማለት ነው። ካለው 7 ተራ ትርፉ ሁለት ብቻ ነው። ስለዚህ የአንተ ሥራ 18 ጓድ መፍጀት ሳይሆን 3 ተራ መስረቅ ነው። ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ለዚሁ ነው።

መንገድ ለመንገድ ቢሮጥ ይፈጥናል። ያን ጊዜ ግን ሜዳ ላይ ስለሚንቀሳቀስ −1፣ ተጠንቅቆ ስላልሄደ ሌላ −1 ይደርስበታል። ስትተኩስ የሁለቱ ዳይስ ድምር 7 ቢወጣልህ 5 ሆኖ ይነበባል። ያው 7 በድንጋይ ቤት ውስጥ ባለ ጓድ ላይ +3 ተደምሮበት 10 ይሆናል። ዝቅ ያለ ቁጥር በሚገድልበት ጨዋታ የ5 ነጥብ ልዩነት ሰማይና ምድር ነው። መንገዶቹን በተኩስ ከዘጋህ አጥቂው ራሱ ቀርፋፋውን የቤት ለቤት ጉዞ ይመርጥልሃል።

አቀማመጡ እንዲህ ይሁን። 2 ጓድ ከቀላሉ መትረየስ ጋር ከግቢው 7 ወይም 8 ሄክስ ፊት፣ 4 ጓድ ከከባዱ መትረየስና ከአንዱ መሪ ጋር ፒያሳ ዙሪያ፣ 2 ጓድ ከሁለተኛው መሪ ጋር ከኋላ ተጠባባቂ። ግቢው ውስጥ መጀመሪያ ማንም አይቀመጥም። የፊተኞቹ ትእዛዝ አንድ ጊዜ ተኩሰው፣ አጥቂው ቆሞ እንዲሰለፍ አስገድደው መመለስ ነው። የጣልያን ተራ ጓድ የተኩስ ርቀቱ 4 ሄክስ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ ኃይሉ በግማሽ ይቀንሳል፣ ስለዚህ በ8 ሄክስ ላይ አትተኩስ። ግማሽ ጓድ ለማጥመጃ ቢልክብህም በከባዱ መትረየስ አትመልስለት፤ የሚፈልገው የት እንዳለ ማወቅ ነው። ተኩሰህ ጠላት እያየህ ከሆነ የጥያቄ ምልክት ያለበት መሸፈኛ ካርቶንህ ይነሳል። ካርቶኑ እንዳለ ግን የሚተኮስብህ በግማሽ ኃይል ነው።

የፊተኞቹ የመመለሻ መንገድ ከምንም በላይ መታየት አለበት። የእውነተኛው ጎንደር ታሪክ ይህን በደንብ ያሳያል። የጎንደሩ የጣልያን አዛዥ ጄኔራል ናሲ ወልቂፊትን፣ ቁልቋልበርን፣ ጭልጋንና ጎርጎራን በወታደር ይዞ የጎንደርን መንገዶች ዘጋ። የጣልያን እንደራሴ የነበረው የአኦስታው መስፍን አምባላጌ ላይ ግንቦት 11 ቀን 1933 እጁን ከሰጠ በኋላ ጎንደር ስድስት ወር የቆየው አንድም በእነዚህ ምክንያት ነው። ጊዜ ሰርቀዋል። ነገር ግን እርስ በርስ ለመረዳዳት በጣም ስለተራራቁ ወደ ከተማው አልተመለሱም። ወልቂፊት መስከረም ላይ እጁን ሰጠ። ቁልቋልበር የኅዳር 4ን ጥቃት መልሶ ኅዳር 12 ወደቀ። ስድስት ቀን ቆይቶ፣ ኅዳር 18፣ ጎንደርም አበቃ። አንተም ሁለቱን የፊት ጓዶች እዚያው ካስጨረስካቸው ግማሹን ብቻ ተምረሃል።

ሰፈርህ ውስጥ ስትቆም በደንብ ልትለምደው የሚገባው «ሹልክ» የሚባለው ነው። በራስህ ተራ፣ ከጠላት ጋር ተፋጥጦ የቆመ ጓድህ በመከላከያ ተኩስ ምዕራፍ ይደበደባል። ስለዚህ በእንቅስቃሴ ምዕራፍ አንድ ሄክስ ወደ ኋላ፣ ወደማይታይበት አውጣው። ጠላት የሚተኩስበት ያጣል። በመግፋት ምዕራፍ መልሰህ አስገባው። የጠላት ተራ ሲጀምር ጓድህ ሙሉ ሆኖ ቤቱ ውስጥ ነው። ጠላት ከመንቀሳቀሱ በፊት በዝግጅት ተኩስ ቢመታህ የተኮሱት ጓዶቹ በዚያ ተራ አይንቀሳቀሱም፤ ባይመታህ የተጠጋውን አንተ በእጥፍ ኃይል ትቀበለዋለህ። በሁለቱም መንገድ ሰዓት ሄደበት።

ሹልክ የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የኋላው ሄክስ ከጎን ጎዳና ይታያል። ጨዋታው ሳይጀመር ክር ዘርግተህ ለካ፤ ተራህ ከደረሰ በኋላ ብታውቀው አይጠቅምህም። ሁለተኛ፣ በሁለቱ ቤቶች መካከል ሜዳ አለ፤ ስትሻገር −2 ይዞህ ትመታለህ። ከተቻለ ሁለት ሄክስ የሚይዝ አንድ ሕንጻ ምረጥ። ሦስተኛ፣ ከባዱ መትረየስ። ጓድ 3 ነጥብ ክብደት በነጻ ይሸከማል፤ ከባዱ ከዚያ ስለሚያልፍ የእንቅስቃሴ ነጥብ ይበላል። እሱ ሹልክ ከሚልበት ቦታ ይልቅ ከኋላ ሆኖ ረጅሙን ጎዳና ይቁረጥ። የተኩስ መስመር (ጎዳናውን በሙሉ የሚጠርግ ተኩስ) ካስቀመጠ በዚያ ምዕራፍ ደጋግሞ የመተኮስ ዕድሉን ያጣል፤ ጎዳናው ግን ለዚያ ምዕራፍ ተዘጋ።

ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ መትረየሱን ግንቡ ላይኛው ፎቅ ማውጣት። ያምራል፣ ሩቅም ያያል። ግን ከፊቱ ካሉት ቤቶች ጀርባ ያለው ሄክስ አይታየውም፤ አጥቂው የሚሰበሰበው እዚያው ነው። ሲከበብም ወርዶ አይደርስም።

ሞራል። የጣልያን ተራ ጓድ ሞራሉ 6 ነው፤ ተራ የሞራል ፈተና የሚያልፈው ከ36 የዳይስ ውጤቶች በ15 ነው። −1 መሪ (ከዳይሱ ድምር 1 የሚቀንስ) አብሮት ካለ 21 ይሆናል። ይሰበራል (ፈተናውን ወድቆ ይሸሻል) ብለህ ተዘጋጅ። ገና የተደናገጠ ጓድ ለመሰብሰብ +4 ይጨመርበታል፤ የተሰበረ ሞራሉ 7 ከሆነ፣ ያለ መሪ ብቻውን ሜዳ ላይ ሌላ +1 ስለሚጨመርበት ከ36 ውስጥ 1 ዕድል ብቻ አለው። ቤት ውስጥ −1፣ መሪው ሌላ −1 ሲሆን 10 ይደርሳል። አንድ የመሰብሰቢያ ምዕራፍ ሳይተኮስበትና ጠላት ሳይጠጋው ካለፈ ግን +4ቱ ይነሳና ዕድሉ ከ36 ውስጥ 30 ይሆናል። ለዚህ ነው ሁለተኛውን መሪ ከኋላ ያልኩህ፦ ከፒያሳ 2 ወይም 3 ሄክስ ጀርባ፣ ከየትም የማይታይ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚሸሹትን ይጠብቅ። የመሸሻ መንገዱ በጠላት ከተዘጋ የተሰበረው ጓድ ከሰሌዳው ይነሳል፤ ስለዚህ ጎንህ እስኪታጠፍ አትጠብቅ፣ ቀድመህ ልቀቅ።

ባዶ ካርቶኖቹን (ሥራቸው ጓድ የሌለባቸውን ባለ ጥያቄ ምልክቶች) ማንም በማይቆምበት ሜዳ ላይ አታባክን። አንድ እውነተኛ ጓድ ባለበት ሕንጻ አጠገብ ሁለት ባዶ አስቀምጥ፤ አጥቂው ሦስቱንም እየፈተሸ ይመጣል። በአንገረብና በቀሃ ወንዞች በኩል ያለው ቁልቁለት ለአጥቂ ስለሚከብድ ለእያንዳንዱ ጎን ባዶ ካርቶን ይበቃዋል፤ ተጠባባቂው ግን ወደዚያ የሚያደርስ ስውር መንገድ ይኑረው።

ተጠባባቂውን 4ኛው ተራ ሳይደርስ አትንካ። ፒያሳ ሲላላ ወደ ፊት አትላከው፤ ግቢው ውስጥ አስገባው። በ6ኛውና በ7ኛው ተራ በጨበጣ ካልሆነ የማይወጣ 2 ጓድ አጥቂውን ያስጨንቀዋል፤ ያኔ እያንዳንዷን ዳይስ የሚጥለው ሰዓት እያለቀበት ነው።

ሰሌዳውን በተመለከተ አንድ ማረም ያለባችሁ ነገር፦ አዘዞን ጠርዙ ላይ አስገብታችኋል። ከአዘዞ ፒያሳ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚህ ልኬት 300 ሄክስ ይሆናል። አውጡትና የደቡቡን መግቢያ በሁለት ክፈሉት፤ አጥቂው በየትኛው እንደሚመጣ አንተ የምታውቀው ካስቀመጥክ በኋላ ይሁን።