አፍንጫዬን ድጋሚ ልሠራ ወይስ ልተወው? ጥያቄያችሁን አምጡ

ሰላም ለሁላችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ ከአንገት በላይ ሕክምና ክፍል ነርስ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም። አፍንጫዬን ሁለቴ ተሠርቻለሁ፤ መጀመሪያ ኢስታንቡል፣ ቀጥሎ እዚሁ። በውስጥ መስመር የሚመጣው ጥያቄ ስለበዛ አንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ከተሠራሁ 5 ወር ሆነኝ። ጫፉ ድንች መስሏል። ሐኪሜ «ታገሺ» ይለኛል። እየሸነገለኝ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም እህቴ። እብጠቱ ጨርሶ እስኪወርድ ዓመት ይፈጃል፤ መጨረሻ ላይ የሚረጋው ጫፉ ነው። ቆዳሽ ወፍራም ከሆነ ዓመት ተኩልም ሊያልፍ ይችላል። ብዙ ሐኪሞች ከ12 ወር በፊት ድጋሚ መንካት የማይፈልጉት ለዚህ ነው። ያልረጋ ነገር ለክቶ ማረም አይቻልማ። እኔ በአምስተኛው ወር ከመስታወት እሸሽ ነበር። በአሥራ አራተኛው ጫፉ ራሱ ቀጥኖ አገኘሁት። አንዳንዴ እብጠቱን የሚያበርድ ስቴሮይድ በትንሹ ይወጋል፤ ጠይቂው። ደግሞ በሰልፊ አትፍረጂ። በ2018 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ ከ30 ሴንቲ ሜትር የተነሳ ፎቶ ከአንድ ሜትር ተኩል ከተነሳው ጋር ሲተያይ አፍንጫን 30 በመቶ ያህል አስፍቶ ያሳያል። ሰው ራቅ ብሎ ያንሳሽ።

ጥያቄ፦ መልኩ ተስተካክሏል። ግን ማታ ማታ ቀኙ ይዘጋብኛል። ለዚህ ብዬ ድጋሚ ልቆረጥ?

መልስ፦ የእኔም ጣጣ ይኸው ነበርና ትንሽ ላውራ። አፍንጫ ሲቀጥን ውስጥ ያለው የአየር መግቢያም አብሮ ሊጠብ ይችላል። አየር ስትስብ ግድግዳው ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል። ጉንጭህን በጣትህ ወደ ጆሮህ ሳብ አድርገህ ተንፍስ። ወዲያው ከቀለለህ ጥርጣሬው ወደዚያ ነው። ካልቀለለህ አለርጂም ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ቢላዋ ሳይሆን የሚረጭ መድኃኒት ሊበቃህ ይችላል። ብቻ ስፔሻሊስት ውስጡን በካሜራ ይይልህ። እኔ ሁለት ዓመት በአፌ እየተነፈስኩ ተኛሁ። ጠዋት ጉሮሮዬ ደርቆ ምራቅ መዋጥ ያቅተኝ ነበር። ሁለተኛው ቀዶ ጥገና መግቢያውን በልም አጥንት ደግፎ ከፈተልኝ። አፍንጫዬ ትንሽ ሰፋ። ይስፋ! አሜሪካ ካለህ ደግሞ፣ የመተንፈስ ችግርህ በምርመራ ከተረጋገጠ ኢንሹራንስ ሊከፍል ይችላል። ለውበት ከሆነ ግን ከኪስህ ነው።

ጥያቄ፦ ልም አጥንቱ ከየት ይመጣል? ጠባሳ እፈራለሁ።

መልስ፦ መጀመሪያ የሚፈለገው አፍንጫን መሃል ላይ ከሚከፍለው ግድግዳ ነው። እሱ በፊተኛው ቀዶ ጥገና ካለቀ ከጆሮ፣ ብዙ ካስፈለገ ከጎድን ይወሰዳል። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ልብ ይበል። ጆሮሽን ስትበሺ ጠባሳው አብጦ ከቀረ ኬሎይድ ሊሆን ይችላል፤ ጆሮና ደረት ደግሞ ዋነኛ ቦታዎቹ ናቸው። በቤተሰብም ካለ ሳትጠየቂ ተናገሪ።

ጥያቄ፦ በፊለር (ከቆዳ ሥር በሚወጋ መሙያ) ብሸፍነውስ?

መልስ፦ ለትንሽ ጉድጓድ ይሠራል፣ ለጊዜው። ግን አንዴ የተቆረጠ አፍንጫ የደም ሥሩ እንደ ድሮው አይደለም። ፊለሩ ደም ሥር ከዘጋ ቆዳ ይሞታል፣ ዓይን እስከማጥፋትም ይደርሳል። የውበት ሳሎን ውስጥማ በፍጹም።

ጥያቄ፦ 10 ቀኔ ነው። ቀልቷል፣ ያተኩሰኛል።

መልስ፦ ይህን ማንበብ ትተሽ አሁኑኑ ሐኪም ቤት ሂጂ።

ጥያቄ፦ ወደ መጀመሪያው ሐኪም ልመለስ?

መልስ፦ ካመንሽው አዎ። ካላመንሽው ድጋሚ ሥራ ላይ የቆየ ሌላ ሰው ፈልጊ፤ ጠባሳ ውስጥ መሥራት ከፊተኛው ይከብዳል። ወደየትም ብትሄጂ ግን የቀዶ ጥገናሽን ሪፖርት ይዘሽ ሂጂ። ምን ተቆረጠ፣ ምን ተረፈ የሚለው እዚያ ላይ አለ። እኔ የራሴን ለማግኘት ሦስት ወር ኢሜይል ጽፌያለሁ።

ጥያቄ፦ እኔ ወድጄዋለሁ። እናቴ ግን «ሰልካካ አፍንጫሽን አበላሸሽው፣ አስመልሺው» እያለች ታለቅሳለች።

መልስ፦ ትተነፍሻለሽ? ወደሽዋል? እንግዲያው አትንኪው። የድሮው እንደነበረ ተመልሶ አይመጣም። የእኔም እናት ዓመት ሙሉ አኩርፋኝ ነበር። አሁን ታርቀናል። ሳሎኗ ውስጥ ትልቅ ፎቶዬን ሰቅላለች። የድሮውን።