የደን ፈንድ ለደመወዝተኛ ያዋጣል ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን ግሩፑ ላይ አነበብኩት። ድሬዳዋ ሳቢያን የምትኖሪ ደመወዝተኛ ነሽ። በዕቁብና በባንክ ያጠራቀምሽው ገንዘብ አለ። እንግሊዝ ያለው ወንድምሽ «የደን ፈንድ ውስጥ በኔ ስም ላስገባልሽ» ይልሻል፤ ከብዙ ሰው ገንዘብ ሰብስቦ ደን የሚገዛና የሚያለማ ድርጅት ማለት ነው። የመሥሪያ ቤት ጓደኞችሽ ደግሞ እዚሁ አገር የደን አክሲዮን እንግዛ ይላሉ። ያዋጣል ወይ ነው ጥያቄሽ። ከመለሱልሽ ብዙዎቹ «ዛፍ አይከስርም» ብለዋል። እኔ ልጆቼን ያሳደግኩት ዛፍ እየገዛሁና እየሸጥኩ ስለሆነ፣ ይሄ አባባል ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንልኝም።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ደንገጎን ወጥቼ በቁሉቢ በኩል ካለው ደጋ ባህር ዛፍ በቁሙ እገዛለሁ። አስቆርጬ አጣናውንም ማገሩንም ድሬ አወርዳለሁ። አንድ ማሳ ስገባ ግንዱን በእጄ አቅፌ ውፍረቱን አያለሁ፣ ቀጥ ማለቱን አያለሁ፣ መኪና የሚቆምበት መንገድ ምን ያህል እንደሚርቅ እገምታለሁ። ዋጋውን የሚወስነው ግን ከዚያ በኋላ የምጠይቀው ነው፤ «ለምንድነው የምትሸጠው?» ያልቸገረው ገበሬ «ገና ነው፣ ለከርሞ ና» ይለኛል። ለከርሞ ስመለስ ማገር የነበረው ቋሚ ሆኖ ይጠብቀኛል፣ እኔም ጨምሬ እከፍላለሁ። ከቦዩ ማዶ ያለው ጎረቤቱ፣ ያው ዛፍ፣ ያው አፈር፣ ልጁ ሐኪም ቤት የተኛበት ወይም ሠርግ የደረሰበት እንደሆነ ግን ነጋዴው ባለው ዋጋ ይሸጣል።

የዛፍ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ጫት ዛሬ ካልተሸጠ ነገ ዋጋ የለውም። ሽንኩርት ይበሰብሳል። ባህር ዛፍ ገበያው ሲወርድ ትተወዋለህ፣ እሱ እያደገ ይቆይሃል። ሲቆረጥም ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ትርፉ ያለው መጠበቅ በሚችል ሰው እጅ ነው።

ፈንድ ውስጥ ስትገቢ ግን መቼ ይቆረጥ የሚለውን የሚወስነው ሥራ አስኪያጁ ነው። አንቺ ጋ ያለው ወረቀት ነው። ችግር ሲመጣ የምትሸጪው ያንን ወረቀት ነው፣ እሱም ገዢ ከተገኘ። ብዙዎቹ ፈንዶች ገንዘቡን 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ያስሩታል። በገበያ የሚሸጠውም ቢሆን ተመልከቺ። ለንደን ላይ ፎርሳይት ሰስቴነብል ፎረስትሪ የሚባል የደን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 አንዱን አክሲዮን 100 ፔንስ ሸጦ ገበያ ገባ። ዛፉ እያደገ፣ የአክሲዮኑ ዋጋ ግን ከንብረቱ ግምት በጣም ወረደ። በ2024 ሌላ ድርጅት በ97 ፔንስ ጠቅልሎ ገዛውና ከገበያ ወጣ። እስከ መጨረሻ የታገሠው ሰው ያስገባውን እንኳ አላገኘም፤ ቀድሞ የቸገረው ደግሞ ከዚያም በታች ነው የሸጠው።

የአውስትራሊያው ይብሳል። እዚያ የተተከለው ብሉ ገም የሚሉት ነው፣ በምኒልክ ዘመን ወደኛ የመጣው ያው ነጭ ባህር ዛፍ። ቲምበርኮርፕና ግሬት ሳውዘርን የሚባሉ ኩባንያዎች በአስር ሺዎች ከሚቆጠሩ ሰዎች ገንዘብ ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ2009 በተከታታይ ወደቁ። ብዙዎቹ ተበድረው ነበር የገቡት። ኩባንያው ፈርሶ ዕዳው ቀረባቸው። ዛፉ ምንም አልበደለም፤ በየዓመቱ አዲስ ሰው ካልገባ መቆም የማይችል አሠራር ነበር የጣላቸው።

ሌላም ነገር አለ። እንግሊዝ አገር ደንን ከሚያስወድዱት ነገሮች አንዱ ግብር ነው። ለንግድ ከለማ ደን በተሸጠ እንጨት ላይ የገቢ ግብር አይከፈልም። ይሄ የሚጠቅመው እዚያ ግብር የሚከፍለውን ወንድምሽን ነው፣ አንቺን አይደለም። በሱ ስም የተገዛ ነገር ደግሞ በሕግ የሱ ነው። ወንድምሽን እየጠረጠርኩ አይደለም፤ ሰው ያገባል፣ ይፋታል፣ ይሞታል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የውጭዎቹ ፈንዶች ከሚያተርፉበት ውስጥ አንዱ የመሬቱ ዋጋ መጨመር ነው። እኛ ጋ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ የደን አክሲዮን የሚሸጥልሽ ሰው «መሬቱ ብቻ እንኳ ይወደዳል» ካለሽ ተነሺና ውጪ። የሚሸጠው እንጨቱ ብቻ ነው፣ እንጨቱ ላይ ደግሞ እሳት አለ፣ ምስጥ አለ፣ ድርቅ አለ። ትልልቅ ሕንፃዎች በብረት መወጣጫ መሥራት ስለጀመሩም የአጣና ገበያ እንደ ድሮው አይደለም።

ባንክ ብታስቀምጪው ይቀልጣል ያልሽው እውነት ነው። የቁጠባ ወለድ መነሻው 7 በመቶ ሆኖ በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጥቶ ነበር። ስጋትሽ ይገባኛል። ግን የሚቀልጠውን ሸሽተሽ የማይፈታ ውስጥ አትግቢ። ለሕመም፣ ለቤት ኪራይ፣ ለልጅ ትምህርት የሚሆነውን ቢያንስ የ6 ወር ወጪሽን አትንኪ። ከዚያ የተረፈ፣ 10 ዓመት ሙሉ ባታይው የማይጎዳሽ ገንዘብ ካለ፣ ከሱ ትንሹን ብታስገቢ አልቃወምም። ለዕቁብ የምትጥይውንማ በጭራሽ፤ ተበድሮ መግባትም አይታሰብም።

ዛፍ ጠልቼ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ያደረገውን ያየ የድሬ ሰው ደጋው ላይ ዛፍ አትትከሉ አይልም። አቦ፣ እንትከል! ግን ለከተማችን ብለን የምንተክለው ሌላ፣ የአንቺ መጠባበቂያ ሌላ።

የጓደኞችሽን አክሲዮን በተመለከተ ሦስት ነገር ጠይቂ። ለሕዝብ የሚሸጥ ከሆነ የሽያጭ መግለጫው በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ተመዝግቧል? የመሬቱ ውል በማን ስም ነው፣ ስንት ዓመትስ ቀረው? ከ3 ዓመት በኋላ ልውጣ ብል ማን ይገዛኛል፣ በስንት? የመጨረሻውን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበይ። ሰነዱን ከሰጡሽ ስሞቹን ሸፍነሽ እዚህ ለጥፊው። የዛፉን ዕድሜና የሚጠብቁትን ዋጋ እኔ አየዋለሁ፣ የውሉን ነገር ደግሞ ግሩፑ ውስጥ ያሉት የሕግ ሰዎች ያዩልሻል።