ስለ ቤተ እስራኤል የልጆች ልብ ወለድ ለጠየቁት እህት

እህቴ፣ በጎንደር በእምነቱ ስለተሳደደ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁድ) ቤተሰብ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ልብ ወለድ ስጽፍ ከምን ልጠንቀቅ ብለው ጠይቀዋል። እኔም ይህንኑ ጽፌ ዋጋ ስለከፈልሁበት፣ እርስዎ እንዳይደርስብዎት ልንገርዎት።

1. የሌላ አገር አይሁድን ልማድ ለቤተሰብዎ አያውርሱ። የእኔ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1862 መነኩሴያችንን አባ ማሃሪን ተከትለው ወደ ኢየሩሳሌም በእግር ስለተነሡትና ብዙዎቹ በረኃብና በበሽታ መንገድ ላይ ስለቀሩት ወገኖቻችን ነው። ጉዞውንና ወገኖቻችንን ክርስቲያን ሊያደርጉ የመጡትን የሚስዮናውያን ጫና ወራት ፈጅቼ አጠናሁ፤ የቤቱን ኑሮ ግን፣ በሕፃንነቴ መጥቼ እስራኤል ስላደግሁ፣ የማውቀው መስሎኝ ማንንም ሳልጠይቅ ጻፍሁት። የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ሐኑካ በሚባለው የአይሁድ የመብራት በዓል ሻማ ታበራለች፤ አባቷም ረቢ (የሌላ አገር አይሁድ የሃይማኖት መምህር) ዘንድ ሄዶ ይማከራል። አምስት መቶ ቅጂ በራሴ ገንዘብ አሳትሜ ለአንድ አረጋዊ የቤተ እስራኤል ቄስ (የሃይማኖት አባታችን) ብሰጣቸው፣ አንብበው ሲጨርሱ «ልጄ፣ ሐኑካን ያወቅነው እዚህ ከመጣን ወዲህ ነው፤ ይህ የማን ቤት ነው?» አሉኝ። ቅጂዎቹን ከየመደብሩ ለቅሜ መለስሁ። ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ከእርሳቸው የተማርሁት፦ ኦሪት በግዕዝ ይነበብ ነበር፤ የጸሎት ቤቱ መስጊድ ይባል ነበር፤ ሲግድ ለሚባለው የጾምና የጸሎት በዓላችን ወደ ተራራ ይወጣ ነበር፤ ሴቶች በወር አበባቸው ጊዜ በመርገም ጎጆ ይቆዩ ነበር። ይህ የመጨረሻው ለልጆች አይነገርም ያሉኝ ሰዎች ነበሩ፤ የጀግናዬን ዕድሜ ሳስብ ግን መተው አልቻልሁም።

2. ስደቱን በሰይፍ ብቻ አያሳዩ። በትውፊታችን ከአፄ ይስሐቅ ዘመን ጀምሮ ያልተጠመቀ ርስት ተነፈገ ይባላል፤ ለዚህም አባትየው ለልጆቹ የማያወርሰውን መሬት ሲያርስ ጻፍሁ። እናትየው ደግሞ ገበያ ላይ ማሰሮ ስትሸጥ፣ ገዢዋ ሴት «ቡዳ ናት» ብላ ልጇን በነጠላዋ ትሸፍናለች፤ ማሰሮውን ግን ገዝታ ትሄዳለች። አንድ አሳታሚ ረቂቁን በወጉ ሳይገልጥ፣ በዕድሜ ልጄ የሚሆን ሰው «አንቺ» እያለኝ፣ «ገበያውን አውጪውና ጦርነት ጨምሪ፤ ልጆች ይሰለቻቸዋል» አለኝ። ከቢሮው ስወጣ እንባዬ ይወርድ ነበር።

ገበያውን አላወጣሁም። ታርሞ የታተመውን መጽሐፍ አንዲት መምህርት ለክፍሏ ስታነብ እኔም ተጋብዤ ነበር፤ ገበያው ላይ ስትደርስ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቡዳ ናት ብለው ከፈሯት፣ በማሰሮዋ እንዴት ወጥ ይሠራሉ?» ብላ ጠየቀች። እስኪደወል ድረስ ክፍሉ ስለሌላ ነገር አልተነጋገረም።